የባዶው ምድጃ ጭስ

ይድረስ ለእናቴ፣ ለእማዬ፤

እንዴት ሰነበትሽ እማዬ? ጉልበትሽ እንዴት ነው? ደረጃ ስትወጪ ወጋ የሚያደርግሽ ቀኝ እግርሽ ተሻለው ወይስ እንደ ልማድሽ "ደህና ነኝ" እያልሽ ሰውን ሁሉ ታታልያለሽ? ዓይንሽስ? አሁንም መርፌ ላይ ክር የሚያስገባልሽ ሰው እስኪመጣ በር በሩን ታያለሽ? አባባስ ሳሉ ተወው? እኔን ብትጠይቂኝ ጤናዬ ሙሉ ነው፣ እጄም እግሬም ደህና ነው፤ የጎደለኝ አንቺን ማየት ብቻ ነው። በቀደም በሕልሜ መጥተሽ አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀምጠሽ ካልሲ ስትጠግኚ አየሁሽ። ስነቃ ክፍሉ ውስጥ ያለሽ ስለመሰለኝ ቶሎ አልተነሳሁም፤ እንዳልረብሽሽ ብዬ ዝም ብዬ ተኛሁ።

ደብዳቤዬን ሁልጊዜ የምታነብልሽ ድንቢጥ መሆኗን አውቃለሁ። የእህቴ ልጅ ናት ብዬ አላዳላም፤ ጎበዝ አንባቢ ናት፣ ግን ከበድ ያለ ቃል ሲመጣባት "ምናምን" ብላ እንደምታልፈው ራስሽ አስነግረሽኛል። ስለዚህ ይሄኛውን እሷ እንዳታነብልሽ። የሚያመጣልሽ ልጅሽ፣ ታናሼ፣ እሱ ራሱ ያንብብልሽ። አሽጌ በጃኬቱ የውስጥ ኪስ እከትለታለሁ፣ መንገድ ላይ እንዳይከፍተውም አደራ እለዋለሁ። አደራ እንደማይበላ አውቃለሁ። አንተም ስማ እንግዲህ፤ ጉሮሮህን ጠራርግና ቀስ ብለህ አንብብ። አንድ መስመር ብትዘል እማዬ ከፊትህ ታውቅብሃለች፤ ፊትህ እንደሆነ ከልጅነትህ ጀምሮ ምስጢር ቋጥሮ አያውቅም።

እማዬ፣ ልጅሽ ልጠይቅሽ መጣሁ ብሎ ነግሮሽ ይሆናል። እውነት ነው፣ ናፍቀሽዋል። ነገር ግን ይሄው አሁን እኔ ይህን ስጽፍ ብርድ ልብሱ ታጥፎ አልጋው ላይ ተቀምጧል፣ ምላጩ ከመደርደሪያው ተነስቷል፣ የቤቱን ቁልፍም ከኪሱ አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ ትቶልኛል። ቲኬት ሊቆርጥ ወጥቷል። ሊጠይቅ የሚሄድ ሰው ቁልፍ አይተውም፤ ሊመለስ አላሰበም። እኔ ደግሞ በዚህ ሁኔታ እንዲለየኝ አልፈልግም። ፊት ለፊት መነጋገር ነበረብን፤ ግን እንደምታውቂን ሁለታችንም ዝም ማለት ላይ የበረታን ነን፣ በማን እንደወጣን እንጃ። ስለዚህ ነገሩን ለአንቺ እጽፋለሁ፣ እሱ ያነብልሻል፣ እግረ መንገዱንም ይሰማኛል።

ከሥሩ ልጀምርልሽ። ልጅሽ ይሠራበት የነበረው የክር ፋብሪካ መዘጋቱን ነግሬሽ ነበር፤ እንዴት እንደተዘጋ ግን አልነገርኩሽም። ድሮ ጠዋት ጠዋት የፋብሪካው ጥሩምባ ሲነፋ ሰፈሩ ሁሉ ይነሳ ነበር። ሻይ የሚጣደው በሱ ነው፣ ልጅ ትምህርት ቤት የሚላከውም በሱ ነው። መጀመሪያ ሥራው ወደ ግማሽ ቀን ወረደ። ከዚያ እስክንጠራችሁ ቤታችሁ ጠብቁ ተባሉ። ከዚያ ጥሩምባው ቀረ። እሱ ከቀረ ወዲህ ከተማው በደንብ የነቃ አይመስለኝም። ሰው ይነሳል፣ ይታጠባል፣ ይለብሳል፣ ግን የሚሄድበት ስለሌለው በሩ ላይ ቆሞ መንገዱን ያያል። ጸጉር አስተካካዩ ባዶ ወንበሩ ላይ ራሱ ተቀምጦ በመስታወቱ ውስጥ አላፊ አግዳሚውን ሲያይ ይውላል። ልጅሽም የጥሪው ቀን ድንገት ቢደርስ ብሎ የሥራ ልብሱን እያጠበ፣ እየሰቀለ፣ ሲደርቅ ደግሞ እያጠበ ጠበቀ። ልብሱ ሳይለበስ በእጥበት ብቻ ነጣ።

ኑሮው ደግሞ በዚያው ልክ ተወደደ። ዘይቱ፣ ሳሙናው፣ የቤት ኪራዩ፣ ዛሬ ያየሽው ነገር ነገ ሌላ ነው። የኛ ዳቦ ቤት ባለቤት ክፉ ሰው አይደለም፤ ዋጋ ብጨምር ሰው ይከፋዋል ብሎ ዋጋውን እንዳለ ተወና ዳቦውን አሳነሰው። ትንሽ፣ ከዚያ ደግሞ ትንሽ። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው እንደሚባለው፣ መጀመሪያ ሰው ይስቅ ነበር። ጎረቤቴ ልብስ ሰፊዋ፣ መቀስ ከአንገቷ ስለማይለይ ወይዘሮ መቀስ የምንላት፣ አንድ ቀን ዳቦውን በመስኮቱ ስሰጣት ገልበጥ አድርጋ አየችውና ይሄንንስ ኮት ላይ ልትከለው፣ ለቁልፍ ይሆናል ብላ ሰልፉን በሙሉ አሳቀችው። እኔም ሳቅሁ። ኋላ ግን ቀልዱን የሚደግመው ሰው እየበዛ፣ የሚስቀው እያነሰ መጣ። ከዚያም ዱቄቱ ራሱ መቆራረጥ ጀመረ።

እኔ እንግዲህ ሥራዬ ጠዋት ማቡካት፣ ረፋድ ላይ በመስኮቱ መሸጥ ነው። ምድጃውን የሚያስተዳድሩት ጋሽ ፍም ናቸው። ዕድሜ ልካቸውን እሳት ፊት ስለቆሙ ስማቸው ያ ሆኖ ቀረ፤ ቅንድብ የሚባል ነገር የላቸውም። ጋሽ ፍም አንድ ሕግ አላቸው፤ ምድጃ አይተኛም። የኛ ምድጃ ትልቅ የጡብ ምድጃ ነው፣ አንድ ሰው ጎንበስ ብሎ ይገባበታል። አንዴ በርዶ እርጥበት ከጠጣ፣ እንደገና ሲያነዱት ጡቡ ይሰነጠቃል። ስለዚህ ዱቄት በሌለበት ቀን እንኳ ማገዶ እየጨመሩ ባዶውን ያሞቁታል። እኛ ለዳቦ ቤት ሰዎች ከጭስ ማውጫው ጭስ ወጣ ማለት ምድጃው ጤነኛ ነው ማለት ነው፣ ሌላ ትርጉም የለውም። መንገድ ላይ ለቆመ ሰው ግን ጭስ ማለት ዳቦ ማለት እንደሆነ ከመካከላችን አንድ ሰው እንኳ አልታሰበውም። አሁን ሳስበው ይደንቀኛል። ያን ያህል ጊዜ አብረን ስንኖር እነሱ ከታች ሆነው አንድ ጭስ ያያሉ፣ እኛ ደግሞ ከውስጥ ሆነን ሌላ ጭስ እናወጣለን።

እዚህ ላይ ልጅሽን እንድትኮሪበትም እንድትስቂበትም አንድ ነገር ልንገርሽ። ሥራ ከፈታ ጀምሮ እኔ በጓሮ በር የማወጣለትን ዳቦ አልነካም አለ። እንደ ሰዉ ተሰልፎ፣ ተራው ሲደርስ በመስኮቱ ከእጄ ተቀብሎ፣ "አመሰግናለሁ እመቤት" ይለኛል እንደማያውቀኝ ሆኖ። ያሾፍብኛል። ሹፈት ብቻም አልነበረም፤ ከሰልፉ ተለይቶ መብላት ሰው መክዳት መሰለው። የፋብሪካ ጓደኞቹ ሁሉ እዚያ ሰልፍ ላይ ነበሩ። ወሬውም የሚፈላው እዚያው ነው። ዳቦው በጓሮ በዝግ መኪና ይወጣል፣ ወደ ትልልቆቹ ቤት ይሄዳል፣ ለኛ የለም ይሉናል የሚል ወሬ። አንድ ቀን ሻይ እየጠጣን፣ ዱቄት ከሌለ ጭሱ ከየት ይመጣል ብሎ ጠየቀኝ። ምድጃ አይደል እንዴ፣ ከየት ይምጣ ብዬ ሳቅሁ። እሱ አልሳቀም። ብርጭቆውን አጥቦ ደፋና ወጣ።

ያ ቀን ነፋስ ያልነበረበት ቀን ነው። ጭሱ ቀጥ ብሎ ወደ ላይ ይወጣል፣ ከሩቅ ሰፈር ሁሉ ይታያል። ዱቄት ከጠፋ ሰንብቷል። እጃችንን አጣጥፈን ከምንቀመጥ ብለው ጋሽ ፍም የዳቦ መጋገሪያ ቆርቆሮዎቹን እናጽዳ አሉ። ቆርቆሮ በመፋቅ አይጸዳም፤ ምድጃ ውስጥ ከትተሽ የተጣበቀውን አሮጌ ፍርፋሪና ዘይት ታቃጥይዋለሽ፣ ከዚያ በጨርቅ ትወለውይዋለሽ። ሽታው ግን፣ እማዬ፣ የዳቦ ቅርፊት ሽታ ነው። አሁን ከእሳት የወጣ፣ በደንብ የበሰለ የዳቦ ቅርፊት። እኛ ውስጥ ያለነው አልሸተተንም፤ አፍንጫችን ከደነዘዘ ዓመታት ሆኖታል። ሽታው በጭስ ማውጫው ወጥቶ ሰልፉ ላይ ወረደ።

ከሰዓት በኋላ ነው። መስኮቱን ከፍቼ፣ ዛሬም የለም፣ በከንቱ ፀሐይ አይምታችሁ አልኩ። ማንም አልተንቀሳቀሰም። ፊታቸውን ሳይ ዓይናቸውን ጨፍነው ቀና ብለዋል፤ ያሸታሉ። ሕፃን ያዘለች ሴት ጭምር፣ ያዘለችው ሕፃን ጭምር። ለአንድ አፍታ ሁሉም ቆመው የተኙ፣ አንድ ዓይነት ሕልም የሚያዩ መሰሉኝ። ምን እንደሆኑ አልገባኝም። ዓይናቸውን ሲገልጡ ያዩት እኔን ነበር። ከመካከላቸው ልጅሽ ቆሟል፣ ያን የነጣ የሥራ ልብሱን ለብሶ። ዓይን ለዓይን ተገጣጠምን። ድምፁን ባልሰማውም ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ አይቻለሁ፤ "ዋሸሽኝ" ነው ያለኝ። እጁ ላይ ድንጋይ ነበር።

እማዬ፣ እዚህ ጋ ድምፁ ከተቆራረጠ ውሃ ስጪው፣ ወረቀቱን ግን አትቀበይው። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባል የለ? ይዞ ይጨርሰው።

የመስኮቱን መስታወት የሰበረው እሱ ነው። ከዚያ የተከተለውን ማን ማን እንዳደረገው የሚያውቅ የለም። በሩ ወደቀ፣ ሰዉ ገባ፣ ጋሽ ፍም በግፊያው ወደ በሩ ተገፉ፣ እኔ ከማቡኪያው ጠረጴዛ ጀርባ ግድግዳው ላይ ተለጠፍኩ። ይጮኻሉ ብዬ ስጠብቅ ዝም አሉ። ምድጃው አፉን ከፍቶ ይነድዳል፣ ውስጡ ከቆርቆሮ በቀር ምንም የለም። ከፊት የነበሩት ቆሙ፣ ከኋላ የነበሩት ገፍተው መጡና እነሱም ቆሙ። ሙቀቱ ፊታቸውን እያቀላው ባዶውን ምድጃ ያያሉ። ከጣሪያው፣ ከመደርደሪያው ላይ፣ ለዓመታት የተጠራቀመ የዱቄት ብናኝ በግፊያው ተነስቶ አየሩ ላይ ተንሳፈፈ፤ በተሰበረው መስኮት በገባው ፀሐይ ውስጥ ቀስ እያለ፣ ምንም ሳይቸኩል ይወርዳል። የሁሉም ጸጉር ነጣ፣ ወጣቶቹ በአንዴ አረጁ። አንዲት ሴትዮ ጣቷን ጠረጴዛው ላይ አንሸራታ ቀመሰች። ወይዘሮ መቀስ በነጠላ ጫማዋ መሃላቸው ቆማ አየኋት፣ እሷም አየችኝ። በሌላ ቀን ቢሆን እንዴት ዋልሽ እንባባል ነበር።

ያ ዝምታ ትንሽ ቢቆይ ኖሮ ሁሉም አፍሮ ወደየቤቱ የሚሄድ ይመስለኛል። ግን ያን ያህል ተናዶ የመጣ ሰው ባዶ እጁን መመለስ ይከብደዋል። ሆድ ለባሰው ማጭድ አታውሰው ይባላል፤ ያገኘውን ነው የሚያነሳው። አንዱ ወንፊት አነሳ፣ ሌላው ቆርቆሮ፣ ሌላው መጥረጊያ፤ መጥረጊያ ምን ያደርግለታል? የምቀመጥበትን በርጩማ ሲወስዱት እያየሁ ነበር። ዱቄቱ የት ተደብቆ ይሆን ብለው ግድግዳ የሚደበድቡም ነበሩ። በግፊያው መሃል ፍሙ ተዛቀና ወለሉ ላይ ፈሰሰ፤ ጥግ የተከመረው ማገዶ መጨስ ጀመረ። ሰዉ ወደ በሩ ተመለሰ፣ በሩ ጠበበ። እኔ ከነበርኩበት መውጫ አልነበረኝም፤ የጓሮው በር ከሚጨሰው ማገዶ ወዲያ ነው። መሞቴ ነው አላልኩም፤ የሚገርመው እንቅልፍ እንቅልፍ አለኝ፣ ትንሽ ሆኜ አዝለሽኝ ስትሄጂ ይወስደኝ የነበረው ዓይነት እንቅልፍ።

ያን ጊዜ "እህቴ ውስጥ ናት!" የሚል ሰማሁ። ድምፁን አንቺም ታውቂዋለሽ። ሰው ሁሉ ወደ ውጭ ሲጋፋ እሱ ወደ ውስጥ ተጋፍቶ ገባ። የማቡኪያ ውሃ የምናጠራቅምበት በርሜል ዘንድ ደርሶ በባልዲ እየቀዳ ፍሙ ላይ ደፋ፣ ማገዶው ላይ ደፋ። ከዚያ እሳት ያየበትን ሁሉ ላጥፋ ብሎ ምድጃው አፍ ውስጥ ደፋ። በጋለ ጡብ ላይ ቀዝቃዛ ውሃ። ከኛ ሰዎች ማንም የማያደርገው ነገር ነው፤ እሱ ከክር በቀር ምን ያውቃል? ምድጃው ደረቅ ግንድ ሲፈለጥ የሚሰማውን ድምፅ አሰማና ጣሪያው ወደ ውስጥ ተደረመሰ።

እንፋሎቱ ክፍሉን ሞላው። ነጭ ነው፣ ሞቃት ነው፣ ምንም አይታይበትም። ጩኸቱ ሁሉ ከሌላ ሰፈር የሚመጣ መሰለኝ። በዚያ ውስጥ አንድ እጅ እጄን ያዘኝ። ሳላየው አወቅሁት፤ ትንሽ ሆኖ መንገድ ሳሻግረው የምይዘው እጅ ነው፣ ከመጠንከሩ በቀር አልተለወጠም። መርቶ አወጣኝ፣ ንጹህ አየር ያለበት ጥግ አቆመኝ፣ እጄን ለቀቀና ፊቱን አዙሮ ሄደ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን በወሬ ሰምታችሁ ይሆናል። ነገሩ በኛ ዳቦ ቤት አላበቃም። ሰዉ ወደ ትልቁ መንገድ ወጣ፣ የሱቆች መስታወት ረገፈ፣ የስኳር መጋዘን ተሰበረ፣ አውቶቡስ ተቃጠለ። ፖሊሶች መጡ። ከሰልፉ ላይ የማውቃቸው ወጣቶች ተጭነው ተወሰዱ፣ አንዳንዶቹ ገና አልተመለሱም። እናቶቻቸው ስንቅ ይዘው ጣቢያው በር ላይ ይቆማሉ፤ አሁን ሰልፉ እዚያ ሆኗል። ማን ጀመረው ብትይ ሁሉም መልስ አለው። ሬዲዮው ሥራ ፈቶች ናቸው ይላል፤ ሥራ ማን አስፈታቸው ብሎ ግን አይጠይቅም። ባለሱቆቹ ከሌላ ሰፈር የመጡ ናቸው ይላሉ። የሌላው ሰፈር ሰዎች ደግሞ የናንተው ናቸው ይላሉ። እኔ የማውቀው ከጭሱ በፊት ጥሩምባው መቅረቱን፣ ከጥሩምባው በኋላ ዳቦው ማነሱን፣ ከዚያም ማንም ማንንም ማመን ማቆሙን ነው።

ከተማውን አሁን ብታዪው ይገርምሻል። መስኮቶቹ መስታወት ስለሌላቸው መጋረጃዎቹ ወደ ውጭ ወጥተው መንገዱ ላይ ይውለበለባሉ፤ የሰው ቤት ንግግር፣ የሰው ሳልና ሬዲዮ ሁሉ እያለፍሽ ይሰማሻል። ጸጉር አስተካካዩ መስታወቱ ከተሰበረ ወዲህ በትዝታ ነው የሚያስተካክለን ይላሉ ደንበኞቹ። ዳቦ የፈለገ ድልድዩን ተሻግሮ ይሄዳል፤ እዚያ ያለው ሰልፍ ከኛ የረዘመ፣ ዳቦውም ከኛ ያነሰ ነው። ለዳቦ ብለው የሰፈሩን አንድ ዳቦ ቤት ማፍረሳቸውን ማንም በአፉ አይለውም። ግን ድልድዩን ሲሻገሩ ከአረማመዳቸው ያስታውቃል።

አንድ ደስ የሚል ነገር ልንገርሽ። ጠዋት ስንሄድ የተወሰዱት ነገሮች ግድግዳው ሥር ተደግፈው እናገኛቸዋለን። አንድ ቀን ቆርቆሮዎች፣ አንድ ቀን ያ መጥረጊያ። ወንፊቱ ታጥቦ ተመለሰ። ማን እንዳመጣቸው አንጠይቅም። ወይዘሮ መቀስ ደግሞ በርጩማዬን ራሷ ይዛልኝ መጣች፤ መቀመጫውን በጨርቅ ለብጣ፣ ጥጥ ሞልታ፣ ከድሮው አሳምራ። ሰረቀችኝ ልበል ሸለመችኝ አላውቅም። ሻይ አፈላሁላትና ስለ ክር መወደድ ስናወራ ዋልን።

ልጅሽ ግን የሚመልሰው ዕቃ አልነበረውም። ያን ቀን ቤት ገብቶ እጁን ታጥቦ፣ ደግሞ ታጥቦ፣ ፊቱን ወደ ግድግዳው አድርጎ ተቀመጠ። ከዚያ ወዲህ በአንድ ክፍል፣ በአንድ መጋረጃ ተለያይተን እየኖርን ሰላምታ እንኳ ተቋረጠ። ከድልድዩ ማዶ የማመጣውን ዳቦ ለሁለት ከፍዬ ድርሻውን አስቀምጥለታለሁ፤ ሳይነካው ይደርቃል፣ ለወፎች እበትነዋለሁ። የሰፈሩ ወፎች እንደሆኑ በኛ ኩርፊያ ወፍረዋል። ድንጋዩን ይዘህ አይቼሃለሁ እንዳልለው፣ ያወጣኸኝም አንተ ነህ ማለት አለብኝ። ያወጣኸኝ አንተ ነህ እንዳልለው፣ አይቼሃለሁም ማለት አለብኝ። ሁለቱ ተያይዘው አንዱም ሳይነገር ቀረ። የሱም እንደዚያው ይመስለኛል። ትናንት በመጨረሻ አፉን ከፍቶ "እማዬን ልጠይቅ" አለኝ። ይሄው ያ ነው የተናገረኝ።

አሁን የምለው ላንተ ነው ወንድሜ፣ እማዬም ትስማ። ተቆጥቼሃለሁ። በመስታወቱ አይደለም፣ መስታወት ሌላ ይገባል። በምድጃውም አይደለም። የተቆጣሁት አፍንጫህን አምነህ እኔን ስላላመንከኝ ነው። እኔ መቼ ዋሽቼህ አውቃለሁ? ካለኝ ላይ ከፍዬ ያልሰጠሁህ መቼ ነው? ያቺ ከንፈርህ ላይ ያየኋት ቃል አንጀቴን አቁስላዋለች፣ እስካሁንም ታመኛለች። ይሄን ብዬ ጨረስኩ። ደግሞ ያን ሁሉ ሰው ገፍቶ ወደ እሳቱ የገባ አንድ ሰው መሆኑን፣ እሱም አንተ መሆንህን አውቃለሁ። ድንጋዩን የወረወረውም እኔን ያወጣኝም ያው እጅ ነው። አንዱን እጥላለሁ አንዱን አስቀራለሁ ብዬ ብዙ ሞከርኩ፣ አልሆነልኝም። ስለዚህ እንዳለህ እቀበልሃለሁ፤ ሌላ ወንድም ደግሞ የለኝም።

ጋሽ ፍም በየቀኑ ወደ ፍርስራሹ ይሄዳሉ። መዳፋቸውን ጡቡ ላይ አድርገው ትኩሳት እንደሚያይ ሰው ይቆያሉ። ባለቤቱ ከእንግዲህ አቅም የለኝም፣ ቦታውን ለዕቃ ማከማቻ አከራየዋለሁ ብሎ ነበር፤ ዝናቡ ከመግባቱ በፊት ምድጃውን ራሳችን ከገነባነው እንዲተውልን እሳቸው ናቸው ያግባቡት። የፈረሰውን ማን እንዳፈረሰው ያውቁ እንደሆን ፈራ ተባ እያልኩ ጠየቅኋቸው።

"ውሃ የደፋውን አይቻለሁ" አሉኝ። "ዳቦ ፈልጎ አልነበረም የገባው፤ ሰው ፈልጎ ነው። ጡብ የሚሸከም ትከሻ አለው?"

አለው አልኳቸው። ጡቡ የሚመጣው ከተዘጋው ፋብሪካ ነው፤ አሮጌው ጭስ ማውጫ ፈርሶ ተከምሯል፣ ዘበኛው ደግሞ የልጅሽ ወዳጅ ነው። ሌላም ሕግ አውጥተዋል ጋሽ ፍም። ከእንግዲህ ምድጃው ባዶውን በሚነድበት ቀን የዳቦ ቤቱ በር ወለል ብሎ ይከፈታል፤ ያላመነ ገብቶ ያያል፣ የበረደው ቆሞ ይሞቃል። እኔ ይሄን ስሰማ አለቀስኩ። ያን ያህል ቀላል ነበር ለካ።

ለጡቡ ብዬ የምጠራህ እንዳይመስልህ ግን። ጡብ የሚሸከም ሰው አይጠፋም፣ ከተማው በሙሉ ሥራ ፈት ነው። ወይዘሮ መቀስ እንኳ እኔም አቀብላለሁ ብላለች። ሁሉም እየመጣ አንተ ብቻ ርቀህ የምትቀር ከሆነ ነው የሚቆጨኝ። ከሁለታችን ያ ምድጃ ሲነድ ከውስጥም ከውጭም ያየኸው አንተ ብቻ ነህ።

እማዬ፣ ልትቆጪው እንደሚያሰኝሽ አውቃለሁ። አንዴ ተቆጪውና ይብቃ። የእናት ሆድ ዥንጉርጉር ነው ይባላል፤ ለኛ ግን ያንቺ ሆድ አንድ ዓይነት ነው ያወጣን፣ እሱም እኔም ሲከፋን ዝም የምንል ነን። እስኪጠግብ አብልተሽ፣ እስኪሰለቸው አስተኝተሽ፣ ቶሎ መልሰሽ ላኪልኝ።

ለአባባ ሰላምታዬን አድርሺልኝ፤ ለሳሉ የላክሁትን መድኃኒት ለእንግዳ እያካፈለ እንዳይጨርሰው። ለድንቢጥ እናት ለእትዬ ሰላም በይልኝ፣ የልብስ ሳሙና ለላጠው እጇ ቅባት በጃኬቱ በሌላኛው ኪስ አለ። ለባሏ ለሾፌሩ ሰላም በይልኝ፣ መንገዱ ላይ አይቸኩል። ለድንቢጥ ጉንጮቿን ሳሚልኝ፤ የዛሬውን ስለነጠቅኋት አትቀየመኝ፣ "ምናምን" የሚያስብል ቃል ብዙ ስለነበረበት ነው። ግድግዳ ለግድግዳ ለምትዋሰኚያት ጎረቤትሽ፣ ለጡረተኛው አጎቴ፣ እንዴት ናት ብሎ ለጠየቀሽ ሁሉ ሰላምታዬ ይድረስ።

አንድ ሰው ቀረኝ። ፊትሽ ተቀምጦ ይህን የሚያነብልሽ፣ በአንድ ቤት እያደርን ከዚያ ቀን ወዲህ ሰላም ያላልኩት ታናሽ ወንድሜ። እንዴት አደርክ የኔ ወንድም? መልሱን በወረቀት አልቀበልም።

የምትወዳችሁ እኔ

ከልብስ ሰፊዋ ቤት ጎን ካለው ክፍላችን
ዝናቡ ሊገባ ሲል፣ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ